መታጠፊያው ላይ የቆመችው

«ትንሿን ጥሪልኝ እያለች ስትለምነኝ ሰነበተች፤ እኔ ግን አልመጣም ብላለች አልኳት።»

ትንሿ ይህን የሰማችው እሁድ ማለዳ፣ ትኩስ ዳቦ በብብቷ ሸጉጣ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ልትገባ አንድ እርምጃ ሲቀራት ነው። ታላቅ እህቷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሁለቱም እጆቿ በተቀቀለ እንቁላል ልጣጭ ስለተያዙ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ፣ ድምፁን ለቃ ከአክስታቸው ጋር ታወራለች። ቤቱ ባዶ መስሏታል። ዳቦ ቤቱ እሁድ እሁድ ሰልፉ አያድርስ ነው፤ ዛሬ ግን ምን ቀን እንደጣለው እንጃ ሰው አልነበረም፣ ትንሿም ከወትሮው ፈጥና ተመለሰች። በሩን በቀስታ የከፈተችው ደግሞ ጎረቤት እንዳይነቃ ብላ ነው። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሰው ለጎረቤት እንቅልፍ ሲጨነቅ የራሱን ቤት ጉድ ይሰማል።

ሌሊቱን ሙሉ የእማን ትራስ የማስተካክል እኔ፣ ውሃ የማጠጣት እኔ፣ ትላለች እህቷ እንቁላሉን እየላጠች፤ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር ግን የምትጠራው እሷን ነው። እኔስ ሰው አይደለሁም? አንጀቴ ቆሰለ። ከስልኩ የአክስታቸው ድምፅ እየተቆራረጠ መጣ። ያለፈ አለፈ አለች አክስትየው፣ ነፍሷን ይማር፣ አሁን ማንሳቱ ማንን ይጠቅማል፣ ብቻ ለልጅቷ እንዳትነግሪያት፣ ቤታችሁን አትበጥብጪ። እህቷ እሺ አለችና እንቁላሉ ላይ ጨው ነሰነሰች።

ትንሿ መባሏ እንዳያሳስታችሁ፣ አርባ ዓመት ደፍናለች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ትንሿ ተባለች፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ሲልም ትንሿ እንደሆነች ቀረች። ሙያዋ ልብስ ሰፊነት ነው። ከእናታቸው በቀረው የሦስተኛ ፎቅ ቤት፣ በመኝታ ክፍሏ መስኮት ስር ማሽኗን አስቀምጣ የሰፈሩን ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፤ ዚፕ ተወደደ ስትል ደግሞ ደንበኛው ሁሉ እሷ ያስወደደችው ይመስል ያኮርፋታል። እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ከባሏ ከተፋታች ወዲህ ሁለተኛውን ክፍል ይዛ እዚሁ ትኖራለች። ሁለቱ እህትማማቾች ክፉ ተነጋግረው አያውቁም። እውነቱን ለመናገር ብዙም ተነጋግረው አያውቁም። ጨው አቀብዪኝ፣ መብራት አጥፊ፣ ደህና እደሪ፣ በቃ።

የትንሿ ደም ራሷ ላይ ወጣ። ዳቦውን እንዳለ እህቷ ጀርባ ላይ ልትወረውር ቃጣት። ግን እግሯ ወደ ኋላ ሄደ። በሩን እንደከፈተችው በቀስታ ዘግታ ወጣች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ዳቦው ጭኗን እያሞቃት ጥቂት ተነፈሰች። ከዚያ ተነሥታ፣ ቁልፏን አንቃጭላ፣ በሩን በኃይል ዘግታ፣ አሁን ገና እንደመጣ ሰው እያለከለከች ገባች። እህቷ ስልኩን ዘግታ ነበር። ቆየሽ አለቻት። ትንሿም ሰልፍ ነበር ብላ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቢላዋ አነሳች። ቆረጠች። ዳቦ ነው የቆረጠችው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በብርዱ ወራት እናታቸው ሆስፒታል ስትገባ የሚፈቀደው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው ተባለና የመግቢያ ካርዱን እህቷ ያዘች። ትንሿን ጉንፋን ጠፍሯት ነበር። ሳልሽን ይዘሽ እንዳትመጪ፣ ሐኪሙ ከልክሏል፣ ደግሞም ተኝታ ነው የምትውለው፣ ማንንም አትለይም አለቻት እህቷ። ትንሿም አመነች፤ እህት ናት፣ ለምን አታምን? በየቀኑ ሾርባ ሠርታ በፔርሙስ እስከ ሆስፒታሉ በር ትወስዳለች፣ እህቷ ወርዳ ትቀበላታለች፣ ዛሬም ተኝታለች ትላታለች። ሳሉ ለቀቃትና ነገ እገባለሁ ባለች ቀን እናቷ ሞተች። ለቅሶው ላይ አክስትየዋ ጉንጯን ነካ አድርጋ ብቻ አለፈቻት። አንዷ ጎረቤትም ዓይን ዓይኗን እያየች ሥራ በዝቶብሽ ነበር አሉ አለቻት። ያኔ አልገባትም፣ አሁን ገባት። ለካስ ዘመዱም ጎረቤቱም እናቷን ጥላ የቀረች ሴት አድርጎ ነው የሚያውቃት። ይህ ያቃጥላል፤ ከዚህ ይልቅ ግን አንጀቷን የሚበላት ሌላ ነው። እናቷ አልመጣም ብላለች ስትባል ምን አለች? አንድ ነገር ማለቷ አይቀርም። ያን ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንቁላሉን በወረቀት እየጠቀለለ ነው። ትንሿ ያንን ከእሷ ሳታወጣ ማታ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አወቀች።

እሁድ እሁድ ሁለቱም በእግር የሚጓዙበት ማኅበር አላቸው። ሚኒባሱ ከሰፈሩ ነዳጅ ማደያ ጠዋት ይነሣል፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው ትልቁ ፓርክ ያደርሳቸዋል፣ ከሰዓት በኋላ ይመልሳቸዋል። መሪያቸው ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ፊሽካውን ከአንገቱ ስለማያወልቅ ፊሽካ ይሉታል፣ እሱም ወዶ ተቀብሎታል። አምና አንድ ባልና ሚስት ጫካው ውስጥ ጠፍተው ግማሽ ቀን ከተፈለጉ ወዲህ ፊሽካ አንድ ሕግ አውጥቷል፤ ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራምና ሕጉ እንደ ሃይማኖት ይጠበቃል። መንገድ በተከፈለበት ቦታ ሁሉ ከፊሽካ ቀጥሎ ያለው ሰው ቋሚ ይሆናል። ቋሚው እዚያው ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ በእጁ እያመለከተ ያሳልፋል፣ የመጨረሻዋ ተጓዥ ሳትደርስ ቦታውን አይለቅም። የመጨረሻዋ ተጓዥ ጭራ ትባላለች። ጭራ የማንም ፊት አትሄድም፣ ከጭራ ኋላም ማንም አይቀርም። ስለዚህ ጭራ ከገባች ሰው ሁሉ ገብቷል ማለት ነው፤ ማንም ዞር ብሎ ሰው አይፈልግም። ጭራዋ ትንሿ ናት። እህቷ ደግሞ ሁልጊዜ ፊሽካ ተረከዝ ላይ ነው የምትሄደው፤ ፊት ፊት ማለት ነፍሷ ነው።

ሚኒባሱ ውስጥ ፋርማሲስቷ ከኋላቸው ተቀምጣ፣ እንደ ልማዷ፣ መድኃኒት የሚገዛውንም የማይገዛውንም ሰው ስታማ ቆየችና ወሬዋ እናቶች ላይ ደረሰ። እንደ እትዬ ያለ ልጅ ይስጠን አለች፣ እናቷን እጇ ላይ አድርጋ የሸኘች፣ አንድ ሌሊት ዓይኗን ያልከደነች። ሌሎቹም አሜን አሉ። እህቷ አንገቷን ደፍታ፣ ምን አደረግሁ፣ ግዴታዬ ነው አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ! ትንሿ መስኮቱን ታያለች። ፋርማሲስቷ ለእሷም አንድ ነገር ማለት እንዳለባት ተሰማትና ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ፣ አንቺም እኮ ሥራው ነው ያልለቀቀሽ፣ ምን ታደርጊ አለቻት። ትንሿ አዎ፣ ሥራው ነው አለች። እህቷ በዚህ ጊዜ ቦርሳዋን ከፍታ የማትፈልገውን ነገር ስትፈልግ ነበር።

ጸደይ ገና መግባቱ ነው። ዛፎቹ ቅጠል አላወጡም፣ የቅርንጫፎቻቸው ጫፍ ግን እንቡጥ ቋጥሯል። በረዶው የቀለጠበት መሬት ጭቃ ሆኖ ጫማ ይጎትታል፤ ከደረቀው ሣር ስር እዚህም እዚያም ቢጫ አበባ ብቅ ብሏል። ሰዉ ሁሉ ክረምቱን ቤት ተቆልፎበት ስለከረመ እንደ ተለቀቀ ጥጃ ይሆናል፤ አንዱ አበባ ፎቶ ያነሣል፣ አንዱ ስለ ጉልበቱ ያወራል፣ ፊሽካ ፊት ሆኖ ይነፋል። ትንሿ ኋላ ሆና የሁሉንም ጀርባ እያየች ትሄዳለች። በሌላው ቀን ይህ ደስ ይላት ነበር፤ የሰው ካፖርት ስፌት ከኋላ ነው የሚታየው፣ የማን ገበር እንደተተረተረ ታውቃለች። ዛሬ የምታየው አንድ ቀይ ጃኬት ብቻ ነው። ራሷ ናት የሰፋችላት፣ ዚፑን ደግሞ ሁለቴ ቀይራላታለች፣ በነጻ።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስትደርስ እህቷ ቋሚ ሆና አገኘቻት። አንድ እጇን ወደ ቀኝ ዘርግታ፣ ሌላውን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። ነይ ጭራዬ፣ አንቺን ስጠብቅ ሥር አወጣሁ እኮ አለቻት እየሳቀች። ሁለቱ ጎን ለጎን ትንሽ ሄዱ። እህቷ እንቁላል ትበያለሽ አለቻት፣ ትንሿ አልራበኝም አለች፣ ከዚያ ወዲያ የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ትንሿ እዚያው ልትጠይቃት አፏን ከፈተች። ግን ፋርማሲስቷ ከፊት ዞር እያለች ታያቸዋለች፤ እህቷ ደግሞ ሰው ባለበት እንባ ይቀናታል፣ ሁለት ዘለላ ጣል ካደረገች ትንሿ ጨካኝ፣ እሷ ምስኪን ሆና ትወጣለች። አፏን ዘጋች። እህቷም ፊት ልድረስ ብላ ሮጥ ሮጥ እያለች ሄደች። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣላት። ይህች ሴት እኔ እስክመጣ ትቆማለች። እኔ እስክመጣ። ካልመጣሁስ?

ሐሳቡ አንዴ ከገባ በኋላ አልወጣም። ሁለተኛው መታጠፊያ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው፤ አንዱ መንገድ ወደ ገደሉ ይወስዳል፣ ሌላው ወደ ሐይቁና ሐይቁ ዳር ወዳለው ካፌ ይወርዳል። እዚያ ሳይደረስ ግን የፓርኩ ጥበቃ መኪና የሚሄድበት የጠጠር መንገድ በግራ በኩል ይገነጠላል፤ ዞሮ ዞሮ እሱም ካፌው ጓሮ ነው የሚወጣው። ትንሿ ጫማ የምታስር መስላ አጎነበሰች። አንዱ ዞሮ ደህና ነሽ አላት፣ ሂድ እደርሳለሁ አለችው። ጀርባዎቹ አንድ በአንድ በዛፎቹ መሐል ጠፉ። በባዶዎቹ ቅርንጫፎች መሐል አሻግራ ስታይ ቀዩ ጃኬት ጫፉ ላይ ቆሟል፣ እጁ ተዘርግቷል። እያንዳንዱ ሰው ሲያልፍ የምትጠይቀው ይታያታል፤ ጭራስ? ሰዉም ወደ ኋላ ይጠቁማታል፤ እየመጣች ነው። ትንሿ ወደ ግራ ታጠፈች።

የጠጠሩ መንገድ ግማሽ ላይ ስትደርስ ጥሪው ተሰማ። መጀመሪያ ጭራ የሚል ነበር፣ እንደ ቀልድ። ቀጥሎ ስሙ ተቀየረ። «ትንሿ! ትንሿ!» ይላል ከላይ፤ ሸለቆው ይቀበለውና ሁለተኛ ይላል። ድምፁ እየቆየ እየሻከረ መጣ። ትንሿ ቆመች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ይህን ስም እንዲህ አስረዝሞ የጠራት ሰው የለም። እግሯ ወደ ኋላ ሊመልሳት ፈለገ፤ እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ ወረደች። ጥሪ! አለች በልቧ፣ እስኪበቃሽ ጥሪ።

ካፌው ውስጥ ማሞቂያው ይነዳል፣ መስታወቱ በላበት ታፍኗል። ጭራ ገባች! አለ ፊሽካ፣ አጨበጨበላት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም በሩን ዞር ብሎ አላየም። ሻይ እዚህ ከከተማው ዋጋ እጥፍ ስለሆነ ብዙዎቹ ከቤት በያዙት ፔርሙስ በጠረጴዛ ስር ይቀዳሉ፤ አስተናጋጇም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ትንሿ ግን ሾርባ አዘዘች። ትልቁን ሳህን። ዳቦ ጨምሪልኝ አለች። ሲመጣላት ቀስ ብላ፣ እያላመጠች፣ ማንኪያውን እየላሰች በላች። ውጭ ነፋስ ተነሥቷል፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መስታወቱን መምታት ጀምሯል። እሰይ። ጃኬቱ ውሃ እንደማያቆም የምታውቀው እሷ ናት፤ ገበሩን ስትሠራ ርካሹን ጨርቅ ነው የመረጠችው እህቷ። አሁን ትከሻው ርሷል፣ አሁን ወገቡ ጋ ደርሷል እያለች ታሰላለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ፋርማሲስቷ በመጨረሻ ቀና ብላ እትዬስ አለች። ትንሿ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ ጉልበቷን አሟት ነው፣ አልመጣም ብላ ወደ ሚኒባሱ ወርዳለች አለች። ፋርማሲስቷ ውይ፣ እኔ ዘንድ ጥሩ ቅባት አለ አለችና ወደ ወሬዋ ተመለሰች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ትንሿ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እንዲህ ቀላል ነው ለካ። አልመጣም ብላለች፤ አንድ ትንፋሽ። ማንም ማስረጃ አይጠይቅም፣ ማንም ደውሎ አያጣራም። እናቷም እንዲህ ነው ያመነችው። ይህን ስታስብ ሳህኑን ከፊቷ ገፋችው። ተነሣች። ደግሞ አዘነች ብላችሁ እንዳታስቡ፣ አንዲት ቅንጣት አላዘነችም። የፈራችው ሌላ ነው፤ እህቷ ራሷ ብትወርድ ወይም ጥበቃዎች አግኝተው ቢያመጧት ሰዉ በብርድ ልብስ ይከባታል፣ ሻይ ያጠጣታል፣ አይዞሽ ይላታል፤ ለጥያቄው ቦታ አይኖርም። ብቻዋን ነው የምትፈልጋት። ጓንቴን ጥዬ መጣሁ አለችና የካፖርቷን ኮሌታ አቁማ ወጣች።

ቀዩ ጃኬት እዚያው ነው። ከመታጠፊያው ምልክት ስር፣ ዛፉን ተደግፋ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታ ትንቀጠቀጣለች። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሁለት ጊዜ ልትፈልጋት ወደ ኋላ ሄዳ፣ ብንተላለፍስ ብላ ፈርታ ሁለቴም ተመልሳ ቆማለች። ትንሿን ስታይ ልታቅፋት ተንደረደረች። ትንሿ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«የት ነበርሽ? ገደል የገባሽ መስሎኝ! ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠራሁሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

እህቷ አልገባትም። ዝናቡን ከዓይኗ ላይ ጠረገች። ትንሿ ካፌ እንደነበረች፣ ሾርባ እንደጠጣች፣ ሾርባው ጥሩ እንደነበረ ነገረቻት፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ለደንበኛ የልብስ መውሰጃ ቀን እንደሚነግር ሰው።

«እማም ጠርታኝ ነበር አሉ» አለቻት። «እሷን ግን አልሰማሁም።»

እህቷ መንቀጥቀጧን አቆመች። ማን ነገረሽ፤ ይህ ነው የመጀመሪያ ቃሏ። ውሸት ነው አላለች፣ ይቅር በይኝም አላለች፣ ማን ነገረሽ አለች። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፣ ዛሬ ጠዋት፣ እንቁላል እየላጥሽ አለቻት ትንሿ። ከታች ከሐይቁ በኩል የፊሽካ ፊሽካ ቀጠን ብሎ ይሰማል። እህቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ትንሿ እስክትጨርስ ጠበቀቻት፣ መሐረብ አልሰጠቻትም። እህቷ ቀስ ብላ ስትረጋጋ ትንሿ ጠዋት የያዘችውን ጥያቄ አወጣችው።

«አልመጣም ብላለች ስትያት ምን አለች?»

እህቷ ምንም አልተቀየመችም አለች ቶሎ ብላ። ሥራ ይዟት ነው፣ ልጄ ምን ታድርግ፣ አትቆጪያት አለች፣ ብላ ጨመረች። የእናታቸው አነጋገር ቁርጥ ራሱ ነው። ትንሿ ልቧ ሟሟ፤ ይህችን ቃል ይዛ፣ ደረቷ ውስጥ ሸሽጋ፣ እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ልትኖርባት ፈለገች። ግን ከየትኛው አፍ ነው የወጣችው? ያው አፍ ነው። በየቀኑ ዛሬም ተኝታለች ያላት አፍ ነው።

«በእማ ነፍስ ማዪልኝ» አለቻት።

እህቷ ዓይኗን ከትንሿ ላይ አንሥታ ጭቃው ላይ ጣለች። ከዚያ ብርዱ ይሁን ንዴቱ፣ ወይም አንድ ጊዜ እንኳ ይውጣልኝ ብላ እንደሆነ እንጃ፣ ቀና ብላ ጮኸችባት።

«እውነቱን ነው የምትፈልጊው? እንኪ! ምንም አላለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ወዲያ አንዴም አልጠራችሽም።»

ትንሿ አላለቀሰችም። ቃሉ ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ተሰማት፤ ይህኛው እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይፈጥርም። እህቷ አንዴ ከአፏ ያመለጠውን ልትመልሰው እጇን አፏ ላይ አደረገች። በጥፊ የምትመታት መስሏት ይሆናል፣ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሿ ግን እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችና ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ በአገጯ አመለከተቻት። ቅደሚ አለቻት። ጭራ የማንም ፊት አትሄድም።

ወረዱ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ እህቷ ፊት፣ ትንሿ ከጀርባዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ። ጥቂት እንደሄዱ ትንሿ በየትኛው ግድግዳ በኩል ነው የዞረችው፣ በመስኮቱ ወይስ በበሩ አለቻት። እህቷ በመስኮቱ አለች። ትንሽ ሄዱ። ሾርባዬንስ? አለች ትንሿ። ጠጥታዋለች አለች እህቷ። ማን ሠራው ብላ ጠይቃ ነበር? እህቷ እግሯን አፋጠነች፤ ትንሿም አፋጠነች። ጠይቃ ነበር? አዎ። ምን አልሻት? እህቷ ጭቃው አዳልጧት በጉልበቷ ወደቀች፣ እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ትንሿ እጁን አየችው፣ አልያዘችውም፣ እስክትነሣ ጠበቀች፣ ከዚያ ጥያቄውን ደገመች። እኔ ነኝ የሠራሁት አልኳት አለች እህቷ፣ ፊቷን ሳትመልስ። ከዚያስ? አለች ትንሿ። ከዚያ ተባረኪ አለችኝ። ከዚያስ? ይህ ከዚያስ ዛፉን ሁሉ፣ ጠመዝማዛውን ሁሉ፣ የእንጨት ድልድዩን ሁሉ ተከትሎ ወረደ። እህቷ አንዳንዴ እየጮኸች፣ አንዳንዴ እያለቀሰች፣ ኋላ ላይ በደከመ ድምፅ ብቻ መለሰች። ትራሱ ምን ዓይነት ነበር፣ ፀጉሯን ማን አበጠረላት፣ በመጨረሻው ጠዋት ዓይኗ ተገልጦ ነበር ወይስ ተከድኖ። ትንሿ አንድም ጊዜ አልቀደመቻትም፣ አንድም ጊዜ አልራቀቻትም።

ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል፣ ሰዉ ገና ከካፌው ወጥቶ መሳፈሩ ነው። ሰዉ ቀዩን ጃኬት ሲያይ ውይ ውይ አለ፤ ፋርማሲስቷ ሻርፗን አውልቃ አለበሰቻት፣ አንዱ ሻይ ቀዳላት፣ ጉልበቷን አሟት ነበር አሉ ተባባሉ። እህቷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። መስኮቱ ጥግ ገብታ ተኮራመተች፣ ቦርሳዋን ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ትንሿ መጨረሻ ላይ ገባች፣ ቦርሳውን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችና እዚያው ተቀመጠች። ፊሽካ ከፊት ዞሮ፣ ጭራ፣ ሁሉም ገባ? አለ። ሁሉም ገብቷል አለች። መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ሰዉም ወደ ወሬው ገባ። ትንሽ ቆይቶ እህቷ ወደ መስኮቱ እንደዞረች፣ በሹክሹክታ፣ ለሰው ትናገሪያለሽ አለቻት።

«ለማንም አልናገርም» አለች ትንሿ፣ እሷም በሹክሹክታ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ነገ ቁርስ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገ ወዲያም እንደገና።»